በሰሜን ሸዋ ከቫይረስ ውጭ የሚመጣ የጉበት ካንሰር

ሰሜን ሸዋ ሲባል እዚህ ላይ ደብረ ብርሃንን ዋና ከተማው ያደረገውን የአማራ ክልል ዞን እንጂ በኦሮሚያ ክልል ፍቼን ማዕከል ያደረገውን አይመለከትም። የጉበት ካንሰር ሲባልም ከሌላ አካል ተዛምቶ ጉበት ላይ ያረፈው ሳይሆን ከራሱ ከጉበት የተነሳው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ 866 ሺህ ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ ተይዘዋል፤ 758 ሺህ ያህል ሰዎችም ሞተውበታል። ዋነኞቹ መነሻዎች አሁንም ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ የተባሉት ጉበትን የሚያጠቁ ቫይረሶች ናቸው። ይሁንና የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን የሕፃናት ክትባት ውስጥ ስለገባ፣ ወደፊት የቫይረሱ ድርሻ እየቀነሰ የሌሎቹ መንስኤዎች እየጎላ እንደሚሄድ ይጠበቃል።

ከእነዚህ መካከል ለደጋው ሕዝብ ቅርብ የሆነው አልኮል ነው። ስሙ በአገር የታወቀውን የደብረ ብርሃን አረቄ ባለሙያ ሴቶች ከጌሾ፣ ከብቅልና ከቂጣ ድፍድፉን ጠንስሰው፣ በማሰሮ አፍልተው፣ እንፋሎቱን በሸምበቆ ወደ ማቀዝቀዣው ዕቃ እየመሩ ያወጡታል፤ የብዙ ቤት ልጅ ማሳደጊያም ሆኖ ኖሯል። አንድ ጊዜ የወጣው ተራ፣ ተመልሶ የወጣው ዳግም ይባላል። የዳግም አረቄ አልኮል ከመቶ 45 ያህል ስለሚደርስ፣ 50 ሚሊ ሊትር በሚይዝ መለኪያ የተቀዳው ወደ 18 ግራም ንጹሕ አልኮል አለው። የዓለም የካንሰር ምርምር ፈንድ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ግምገማ በቀን ከ45 ግራም ገደማ በላይ መጠጣት የጉበት ካንሰር እንደሚያስከትል ጠንካራ ማስረጃ መኖሩን አስፍሯል፤ ይህም ሁለት መለኪያ ተኩል መሆኑ ነው። አረቄ ሲነቀፍ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ሜታኖል የተባለው መርዛማ የአልኮል ዓይነት ቢሆንም በካንሰር በኩል ተጠያቂው ራሱ ኤታኖል፣ ማለትም የሚያሰክረው አልኮል ነው፤ በሰውነት ውስጥ አሴታልዴሃይድ ወደሚባል ጎጂ ውህድ ተለውጦ የሕዋሳትን ዘረ መል ይጎዳል፣ ለዓመታት ሲደጋገምም ጉበቱን ሲሮሲስ የሚባለው ጠባሳ ያለብሰዋል። ስለዚህ የፋብሪካው መጠጥም ከዚህ አያመልጥም፤ ነቀፋው በአውጪዎቻችን ሙያ ላይ ሳይሆን በመጠኑ ላይ ሊያርፍ ይገባል።

ከጣርማበር ወዲያ ወደ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ሲወረድ አየሩም እህሉም ይለወጣል። በቆላው ማሽላ በጉድጓድ ይከማቻል፤ ጉድጓዱ ሲከፈት ግድግዳውንና አፉን የነካው እህል ብዙ ጊዜ ተጋግሮና ሻግቶ ይገኛል። አስፐርጊለስ የተባለው ሻጋታ የሚያመነጨው አፍላቶክሲን በሰው ላይ ካንሰር ማምጣቱ የተረጋገጠ መርዝ ሲሆን፣ ምግብ ማብሰል አያጠፋውም፣ ሄፓታይተስ ቢ ባለበት ሰው ላይም አደጋው እጅግ ይበረታል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት ከኢትዮጵያ የተሰበሰቡ 352 የገብስ፣ የማሽላ፣ የጤፍና የስንዴ ናሙናዎችን መርምሮ በአራቱም እህሎች አፍላቶክሲን ቢ1 አግኝቷል፤ የተገኘበት ናሙና ግን ከመቶ ዘጠኝ እንኳ አይሞላም። ነገሩ በእህል ብቻ አያበቃም፤ የሻገተው መኖ ሲሆን መርዙ ወደ ወተት ያልፋል። በአዲስ አበባ ዙሪያ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት በመረመራቸው 110 የወተት ናሙናዎች ሁሉ መርዙን ያገኘ ሲሆን፣ ዋና ምንጭ ያለውም ለመኖ የሚውለውን የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረውን) ነው። በወተት ሀብቱ ለሚታወቀው የደብረ ብርሃን አካባቢ ይህ የሩቅ ወሬ ሊሆን አይችልም።

ውፍረት፣ የስኳር በሽታና የጉበት ስብ በዓለም ደረጃ ድርሻቸው በፍጥነት እያደገ ያለ መንስኤዎች ናቸው፤ የስብ ጉበት አንዳንዴ ሲሮሲስ ሳይቀድመው ወደ ካንሰር ይሄዳል። ትምባሆም ከመንስኤዎቹ ይቆጠራል። ጫትን በተመለከተ በሐረር የተሠራ ጥናት ከቆየ የጉበት በሽታ ጋር ያያያዘው ቢሆንም ካንሰር ያመጣል ለማለት አያበቃም። ቡና ግን በተቃራኒው አደጋውን ይቀንሳል ተብሎ ይታመናል።

ዓይን ቢጫ ሲሆን በአካባቢው የወፍ በሽታ ይባላል፤ ብዙው ሰውም መጀመሪያ የሚሄደው መድኃኒት አዋቂ ዘንድ ነው። ሆድ ውሃ ቋጥሮ ሐኪም ቤት ሲደረስ ዕጢው አብዛኛውን ጊዜ በቀዶ ሕክምና ከሚነሳበት ደረጃ አልፏል። ሲሮሲስ ያለበት ሰው በየ6 ወሩ በአልትራሳውንድ እንዲታይ የሚመከረውም ለዚህ ነው። የዞኑ ሕሙማን ቁጥር ነገር ደግሞ ሌላ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2011 የተጀመረው የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ የሚቆጥረው የከተማዋን ነዋሪ ስለሆነ፣ ከመንዝ ተነስቶ ጥቁር አንበሳ የታከመ ሰው በስሌቱ ውስጥ አይገባም።