«የኬቶ ሽፍታ» ምንድን ነው? መርዝ መውጣት እንዳልሆነ ግን ከወዲሁ ልንገራችሁ

«መርዝ እየወጣልሽ ነው፤ ታገሺ።» ይህን አባባል ሌላ አንድ ጊዜ ብሰማ የምጮህ ይመስለኛል።

ባሕር ዳር ውስጥ እንጀራ አቁመው በዓሳ፣ በእንቁላልና በአቮካዶ የሚውሉ ሰዎች በዝተዋል። ከተማዋም ትመቻለች፤ ቆሮሶውም አምባዛውም ደጃችን ነው። ኬቶ የሚሉት ይህን ነው፤ እንደ እንጀራና ዳቦ ያለውን ካርቦሃይድሬት በጣም ቀንሶ በአብዛኛው ስብ መብላት። በአመጋገቡ ጠብ የለኝም። ጠቤ ጀርባቸው በሚያሳክክ ሽፍታ ሲሞላ ከሚሰጣቸው ማብራሪያ ጋር ነው። አንድ የክብደት መቀነስ አማካሪ ሰሞኑን «ሰውነት ለዓመታት ያጠራቀመውን ቆሻሻ በቆዳ በኩል እያስወጣ ነው፤ ሽፍታው ጥሩ ምልክት ነው» ሲል ሰማሁት። በራስ መተማመኑስ ያስቀናል።

ሽፍታው ስም አለው፤ ፕሩሪጎ ፒግመንቶሳ ይባላል። ጃፓናዊው የቆዳ ሐኪም ናጋሺማ እ.ኤ.አ. በ1971 ነው ከባልደረቦቹ ጋር የገለጸው፤ ኬቶ እንዲህ ፋሽን ሳይሆን ማለት ነው። ያኔ የጃፓን ወጣት ሴቶች ችግር ብቻ ይመስል ነበር። ኋላ በሌሎች አገሮችም ታየ። የሚነሳባቸውን ሁኔታዎች ብትደረድሯቸው አንድ ነገር ይደጋገማል። ረጅም ጊዜ ምግብ አለመብላት፣ ፈጣን የክብደት መቀነስ፣ ያልታከመ የስኳር በሽታ፣ ጨጓራን የማሳነስ ቀዶ ሕክምና፣ እርግዝና፣ ካርቦሃይድሬቱ በጣም የተቀነሰ ምግብ። በአብዛኛው ሰውነት ስኳር ያጣባቸው ወይም ስኳሩን መጠቀም ያቃተባቸው ጊዜያት ናቸው። ስለዚህ ስብ ያነድዳል። ጉበት ስቡን ወደ ኪቶን ይለውጠዋል፤ ኪቶኑ በደም ውስጥ ይበዛል።

መብራት ጠፋና የኤሌክትሪክ ምጣዱን ትታችሁ በእንጨት መጋገር ጀመራችሁ እንበል። ቤቱ ይጨሳል። ጭሱ የመጣው አሁን ከለኮሳችሁት እንጨት ነው። ጎረቤት መጥቶ «ቤታችሁ የዓመታት ቆሻሻውን እያራገፈ ነው» ቢላችሁ ትስቁበታላችሁ። ኪቶንም እንደዚያው ነው፤ ዛሬ ከሚነደው ስብ የተገኘ እንጂ አምና ከበላችሁት ኬክ የተረፈ አይደለም። ደግሞ ጭስ ሁሉን ሰው እኩል አያስለቅስም። አንዱ ዓይኑ ይቀላል፣ ሌላው ምድጃው ሥር ተቀምጦ ቡናውን ይጠጣል። ኬቶ ከሚጀምሩት አብዛኞቹ ምንም አይወጣባቸውም። እሳቱ ሲደራ ጭሱ የሚቀንስበት ጊዜም አለ። «እኔ ታግሼ አለፈልኝ» የሚሉት እነዚህ ናቸው፤ አልዋሹም። ግን ግድግዳውን እዩት። ጥላሸቱ እሳቱ ከጠፋ በኋላም እዚያው ነው። ሽፍታውም ሲከስም ቡናማ ወይም ጠቆር ያለ፣ መረብ የመሰለ ምልክት ትቶ ይሄዳል፤ በተመላለሰ ቁጥር ሌላ ይደርብበታል። ምሳሌዬ እዚህ ላይ ያልቅበታል፤ ጥላሸት በሳሙና ይለቃል፣ ይሄኛው አይለቅም። «ታገሺ» የሚለው ምክር የሚያናድደኝም ለዚህ ነው። የምትታገሠው እሷ፣ ወራት የሚቆየውን ጥቁረት የምትሸከመውም እሷ።

በቆዳው ውስጥ የሚሆነው ነገር መቆጣት ነው። ኪቶኑ በትንንሽ የደም ሥሮች ዙሪያ ኒውትሮፊል የተባሉ ነጭ የደም ሴሎችን ይስባል ተብሎ ይታሰባል። በቆዳ በኩል የሚባረር መርዝ የለም። የሰውነትን ቆሻሻ የሚያጣሩት ጉበትና ኩላሊት ናቸው። ትርፍ ኪቶን የሚወጣውም በሽንትና በትንፋሽ ነው። ያ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚመስል የአፍ ጠረን ከዚያ የሚመጣ ነው። ኪቶን ራሱም መርዝ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ ጀምሮ የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሕፃናት ሆን ተብሎ ኪቶን በሚያበዛ ምግብ ሲታከሙ ኖረዋል።

መጽሐፍ ላይ «ቀይ ሽፍታ» ይላል፤ ፎቶውም የነጭ ሰው ጀርባ ነው። በእኛ ቆዳ ላይ ቅላቱ እንደዚያ አይታይም። ወደ ወይን ጠጅ ያዘነበለ ቡናማ ነው። ታካሚዋን ጀርባዋን ወደ መስኮቱ አዙሬ በጎን ብርሃን ሳይ ነው የሚገለጥልኝ። በሁለቱ የትከሻ አጥንቶች መካከል፣ ግራና ቀኝ እኩል የተሰደሩ ትንንሽ እብጠቶች፤ አንዳንዱ ጫፉ ላይ ውኃ ቋጥሯል፣ አንዳንዱ ተቧጭሮ ቅርፊት ይዟል። ጣቴን ሳሳልፍ የተቆራረሰ ጨው ይመስል ይሻክረኛል። ደረትና አንገት ላይም ይወጣል። ፊት ላይ ግን እምብዛም ነው። ብዙ ጊዜ አመጋገቡ በተጀመረ በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይመጣል። የሽንት ምርመራ ወረቀቱ ወደ ወይን ጠጅ ከዞረ ኪቶን መኖሩን ይነግረናል፤ ሽፍታው የእሱ መሆኑን ግን ብቻውን አያረጋግጥም።

መድኃኒቱ በአመዛኙ ካርቦሃይድሬት መመለስ ነው። ጥብቅ ኬቶ ማለት አብዛኛውን ጊዜ በቀን ከ50 ግራም በታች ካርቦሃይድሬት ነው፤ አንድ ሙሉ እንጀራ ብቻውን ይህን ያልፋል። ስለዚህ ወደ ድሮው ማዕድ ጠቅልሎ መግባት ላያስፈልግ ይችላል። ትንሽ እንጀራ፣ ትንሽ ምስር መጨመር ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ክብደት መቀነሱም አይቆምም። አልበርድ ሲል ዶክሲሳይክሊን ወይም ሚኖሳይክሊን እናዝዛለን። ይሄኔ ደግሞ ሌላ ስህተት ይከተላል፤ «አንቲባዮቲክ ካሻለኝ ኢንፌክሽን ነበረ ማለት ነው።» አይደለም። እዚህ የምንፈልጋቸው መቆጣትን ለሚያበርደው ሥራቸው ነው። ለነፍሰ ጡር አይሰጡም። ዶክሲሳይክሊን በብዙ ውኃ ይዋጣል፤ ውጦ ወዲያው መተኛት የለም፣ ጉሮሮ ያቆስላል። በእኛ ፀሐይም ቆዳ ያቃጥላል። የአለርጂ ክኒንና የስቴሮይድ ቅባት ለዚህ ሽፍታ ብዙም አይፈይዱም።

እዚህ ላይ ሙያዬ ዝም አላሰኘኝም። ኬቶ ላይ ያለ ሰው ያወጣው ሽፍታ ሁሉ የኬቶ ሽፍታ አይደለም። ባሕር ዳር ሙቀትና ላብ አለ፤ ቋቁቻ እንደ ጉድ ነው። ቋቁቻ ሲፍቁት እንደ ፎሮፎር ይራገፋል፣ ማሳከኩም ቀላል ነው። ሌሊት የሚብስ፣ በጣቶች መካከል የሚወጣ፣ ቤተሰቡን ሁሉ የሚያስቧጭር ከሆነ እከክን ጠርጥሩ። ያኔ እንጀራ ብትመልሱም ባትመልሱም ለውጥ የለውም።

ጾም ያመጣዋል ወይ ብለው የሚጠይቁኝም አሉ። ሑዳዴን በሽሮ፣ በምስርና በዳጉሳ እንጀራ የሚጾም ሰው ካርቦሃይድሬት አልጎደለበትም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቶ ከዚያ ሰላጣና አቮካዶ ብቻ የሚበላው ግን ጾሙን ከኬቶ ጋር ደርቦታል። እሱን ጀርባህን አሳየኝ እለዋለሁ።

የስኳር ሕመም ያለባችሁ ይህን በተለይ ስሙኝ። በእናንተ ላይ ኪቶን መብዛት ከሽፍታ አልፎ ሕይወት የሚያሰጋ ሊሆን ይችላል። ኢንሱሊን ወይም እንደ ኢምፓግሊፍሎዚንና ዳፓግሊፍሎዚን ያሉ ክኒኖች የምትወስዱ ሐኪማችሁን ሳታማክሩ ኬቶ አትጀምሩ። በእነዚህ ክኒኖች የስኳር መለኪያው ብዙም ሳይጨምር ደም በኪቶን አሲዳማ ሊሆን ይችላል። ማስመለስ፣ የሆድ ሕመም፣ ኃይለኛ ጥማት፣ ጥልቅና ፈጣን ትንፋሽ ከመጣ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ሽፍታው ይቆይ።

የቀረውን ጥቁረት በሚመለከት፣ በወራት ውስጥ ይደበዝዛል፤ በጠቆረ ቆዳ ላይ ደግሞ ይዘገያል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡ ማቅያ ክሬሞች ውስጥ ጠንካራ ስቴሮይድ፣ አንዳንዴም ሜርኩሪ ይገኛል። ቆዳውን ያሳሱታል፤ ለእኔም የመጀመሪያውን ሽፍታ መልክ ያጠፉብኛል። ስትመጡ እስካሁን የተቀባችሁትን ሁሉ ይዛችሁ ኑ፤ ያለቀውን ቱቦ ጭምር።