«ፕሮሰሰሩ 40 በመቶ ላይ ስለሆነ ችግሩ ካርዱ ነው»፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ጌሙ ይቆራረጣል፤ ታስክ ማናጀር (የዊንዶውስ የአጠቃቀም መከታተያ) ላይ ግን ፕሮሰሰሩ 40 በመቶ ብቻ ነው የሚለው። ስለዚህ የሚቀየረው ግራፊክስ ካርዱ ነው።» ይህ አባባል መሰማቱ አልቀረም፣ ስህተትነቱም አልቀረም። በዚህ ስሌት ውድ ካርድ የሚገዛ ሰው ጌሙ እንደበፊቱ ሲቆራረጥበት ካርዱን ብልሽት አለበት ብሎ ይመልሰዋል።

ራይዘን 5 2600 የተባለውን የኤኤምዲ ፕሮሰሰር እንውሰድ። 6 ኮር (የማስሊያ ክፍል)፣ 12 ትሬድ (በአንድ ጊዜ የሚሄድ የሥራ መስመር) አለው። ታስክ ማናጀር በአንድ ቁጥር የሚያሳየው የ12ቱን አማካይ ነው። አንዱ ትሬድ እስከ ጥግ ተጨናንቆ ሌሎቹ ሥራ ቢፈቱ ቁጥሩ 8 በመቶ ገደማ ነው። ጌም ደግሞ ሥራውን ለ12ቱ እኩል አያካፍልም። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዋና ትሬድ አለ፤ እሱ ድርሻውን ሳይጨርስ ቀጣዩ ፍሬም (የጌሙ አንድ ምስል) ወደ ካርዱ አይሄድም፣ ካርዱም ይጠብቃል። ስለዚህ መጀመሪያ መታየት ያለበት የካርዱ ቁጥር ነው።

መለካት ከባድ አይደለም። አፍተርበርነርና ሪቫቱነር የተባሉትን የመለኪያ ፕሮግራሞች ጫኑና የካርዱ አጠቃቀም፣ የእያንዳንዱ ትሬድ አጠቃቀምና የፍሬም ጊዜ ስክሪኑ ላይ እንዲታይ አድርጉ። ቪሲንክን (ፍሬሙን ከስክሪኑ ፍጥነት ጋር የሚያስተካክለውን ሴቲንግ) እና ማንኛውንም የኤፍፒኤስ (በሰከንድ የሚወጡ ፍሬሞች ብዛት) ገደብ አጥፉ፤ ካላጠፋችሁ የምታዩት ቁጥር ሁሉ ዋጋ የለውም። ከዚያ ሜኑ ላይ ሳይሆን ጌሙ የሚቆራረጥበት ቦታ ሄዳችሁ ተጫወቱ። ካርዱ ከ95 እስከ 99 በመቶ ከሠራ ወሰኑ ካርዱ ነው። 60 ወይም 70 በመቶ ላይ ተቀምጦ ኤፍፒኤሱ ዝቅ ካለ ካርዱን የሚያስጠብቀው ፕሮሰሰሩ ወይም ራሙ ነው።

ማረጋገጫው ሬዞሉሽኑን (የምስሉን የነጥብ ብዛት) ብቻ ከ1080 ወደ 720 ማውረድ ነው። 72 የነበረው ኤፍፒኤስ 74 ላይ ከቆመ አዲስ ካርድ የሚሰጣችሁም ያንኑ 72 ነው። 110 ከገባ ግን ካርዱን ቀይሩ። በዚህ ሙከራ ጊዜ ጌሙ ውስጥ ያሉትን የሕዝብ ብዛትና የእይታ ርቀት ሴቲንጎች አትንኩ፤ እነሱ ፕሮሰሰሩንም ስለሚጫኑ ውጤቱን ያበላሹታል።

«ሁልጊዜ ካርድ ይቀድማል።» እንደ ጌሙ ነው። ካውንተር ስትራይክ 2ን ወይም ቫሎራንትን በ1080 ዝቅተኛ ሴቲንግ ለሚጫወት ወሰኑ በአብዛኛው ፕሮሰሰሩ ነው። ሳይበርፐንክ 2077ን በ1440 ሬይ ትሬሲንግ (ካርዱን በጣም የሚጫን የብርሃን ስሌት) አብርቶ ለሚጫወት ካርዱ ነው።

«ዲኤልኤስኤስ ሳበራ ይፈጥናል።» ዲኤልኤስኤስ (የኤንቪዲያ ካርዶች ምስል ማሳደጊያ) ካርዱ የሚስለውን ሬዞሉሽን ነው የሚቀንሰው። ፕሮሰሰሩ ከደከመ ሬዞሉሽኑን በመቀነስ የሚጨመር ፍሬም የለም፤ ፍሬም ጀነሬሽን የሚባለው ክፍሉ ግን ከዚህ የተለየ ነው።

«4ኬ ላይ ፕሮሰሰር አያስፈልግም።» በ1080 ከ70 ኤፍፒኤስ በላይ ማድረስ ያቃተው ፕሮሰሰር በ4ኬም ከ70 አያልፍም።

ኢንተርኔት ላይ የፕሮሰሰርና የካርድ ስም አስገብቶ የ«ቦትልኔክ» (የማነቆ) መቶኛ የሚያወጣውን ካልኩሌተር ተዉት፤ የምትጫወቱትን ጌም አያውቅም።

«መጀመሪያ ከካርዱና ከፕሮሰሰሩ አንዱን ልግዛ።» መጀመሪያ ራሙን እዩ። 3200 የተጻፈበት ዲዲአር4 ራም፣ ባዮስ (የቦርዱ መነሻ ፕሮግራም) ውስጥ ኤክስኤምፒ (ራሙን በተጻፈበት ፍጥነት የሚያሠራው ሴቲንግ) ካልበራ ብዙ ጊዜ በ2133 ወይም በ2400 ነው የሚሠራው። ቦርዱ አራት ማስገቢያ ካለው፣ ሁለቱ ራሞች ከፕሮሰሰሩ በኩል ሲቆጠር 2ኛና 4ኛ ላይ ይግቡ። አንድ ራም ብቻ ያለው ሰው ሁለተኛውን ሳይጨምር ስለ ፕሮሰሰር ማሰብ የለበትም። ሙቀቱንም ተመልከቱ፦ አቧራ የሞላው ማቀዝቀዣ ፕሮሰሰሩን ወደ 95 ዲግሪ ካደረሰው ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል፣ ይህም የደከመ ፕሮሰሰር ያስመስለዋል።

«ፕሮሰሰር ከተቀየረ ማዘርቦርድም ራምም ይቀየራል።» በኤኤም4 (የኤኤምዲ ፕሮሰሰር በሚቀመጥበት ሶኬት) ላይ አብዛኛውን ጊዜ አይቀየርም። ራይዘን 5 2600 የተቀመጠበት ቢ450 ቦርድ ባዮሱ ከታደሰ 5600ን ወይም 5700ኤክስ3ዲን ይቀበላል። ኢንቴል ላይ ግን ተጠንቀቁ፦ 6ኛና 7ኛ ትውልድ እንዲሁም 8ኛና 9ኛ ትውልድ ሶኬታቸው ሁሉ 1151 ቢባልም፣ ለ6ኛና ለ7ኛ የተሠራ ቦርድ 8ኛውን አያስነሳም።

ባዮሱ የሚታደሰው አሮጌው ፕሮሰሰር ከቦርዱ ሳይወጣ ነው። ፋይሉን ከቦርዱ አምራች ገጽ፣ በትክክለኛው ሞዴልና ሪቪዥን አውርዱ፣ ፋት32 በሚባለው ፎርማት በተዘጋጀ ፍላሽ ላይ አድርጉት። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ያለ ዩፒኤስ (የመጠባበቂያ ባትሪ) አትጀምሩ፤ መሃል ላይ ከጠፋ ቦርዱ ዳግም ላይነሳ ይችላል። 5700ኤክስ3ዲ ከነማቀዝቀዣው ስለማይሸጥ ለማቀዝቀዣ የሚሆን ገንዘብም ያዙ።

አሮጌውን ማቀዝቀዣ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ አትጎትቱት። በማቀዝቀዣውና በፕሮሰሰሩ መካከል ያለው የሙቀት ማስተላለፊያ ፓስታ ከደረቀ ፕሮሰሰሩን ከተቆለፈው ሶኬት አብሮ ነቅሎ ያወጣዋል፣ የኤኤም4 እግሮችም ይጣመማሉ። ለአሥር ደቂቃ ያህል ጌም አጫውታችሁ ፓስታው ይሙቅ፣ አጥፉ፣ የኃይል ገመዱን ከግድግዳው ሶኬት ንቀሉ፣ ማሰሪያውን ፍቱ፣ ማቀዝቀዣውን ግራና ቀኝ በቀስታ እያዞራችሁ ሲላቀቅ አንሱት።