ወንድ ድመት ሽንት የሚረጨው በቂም ነው?

«ቂመኛ ነው፤ ስቆጣው መጋረጃዬ ላይ ሸና።» ደብረ ማርቆስ ያለችው አክስቴ ይህን የነገረችኝ ምላ ተገዝታ ነው። እርጥቡ የት እንደነበር ስጠይቃት ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ነው አለችኝ። ቂሙ እዚያ ላይ ፈረሰ። ሽንት የመጣበት ድመት ቁጢጥ ብሎ መሬት ላይ ብዙ ይሸናል። ያልተኮላሸ ወንድ ግን ከ6 ወሩ ገደማ ጀምሮ ቆሞ፣ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ፣ ጅራቱን ቀጥ አድርጎ እያንቀጠቀጠ ጥቂት ወደ ኋላ ይረጫል። መልእክቱ ለሌሎች ድመቶች ነው። በአክስቴ መስኮት በኩል ደግሞ የጎረቤት ድመት ሲመላለስ ይውላል።

«አፍንጫውን ሽንቱ ላይ ቢያሹት ይማራል።» አይማርም፤ ይፈራል። ስጋት የገባው ድመት ደግሞ ይብስበታል።

«በረኪና ሽታውን ያጠፋዋል።» የሽንቱ አሞኒያ ከበረኪና ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይወጣል። አሞኒያ ያለበት ማጽጃም ሽንት ሽንት ስለሚል ድመቱን መልሶ ይጠራዋል። ለጨርቅ ኢንዛይም (ቆሻሻን የሚሰባብር ንጥረ ነገር) ያለው የልብስ ዱቄት ሳሙና ይሻላል። የጭቃ ግድግዳ ላይ ውሃ መድፋት ሽንቱን ወደ ውስጥ ማስረግ ነው፤ ላዩን ፍቆ እንደገና መለቅለቅ ነው የሚያዋጣው።

«ከተኮላሸ አይጥ አይዝም።» ይህን ከጎጃም ገበሬ አፍ ስሰማ ይገርመኛል። የተኮላሸ በሬ ሲያርስ ስንቴ አይቷል? አደኑ ከወንድነት ሆርሞን አይመጣም፤ ያ የሚከረፋ ሽታ ግን ከዚያ ነው። ወጠጤና ሙክት አጠገብ የቆመ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ከተኮላሹ 10 ወንድ ድመቶች 9ኙ ያህል መርጨቱን ይተዋሉ ወይም እጅግ ይቀንሳሉ፤ በማግስቱ ግን አይደለም፣ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። ሥራው በማደንዘዣ፣ በእንስሳት ሐኪም እጅ ነው። እንደ በግ ቤት ውስጥ አይሞከርም። ለሕመሙ ብላችሁም ፓራሲታሞል እንዳትሰጡት፤ አንድ ፍሬ ድመትን ሊገድል ይችላል።

«ሴት አትረጭም።» ትረጫለች፣ ከወንዱ እጅግ ያነሰ ቢሆንም።

«ቶሎ ቶሎ ቁጢጥ ካለ ምልክት እያደረገ ነው።» ይህ ስህተት ድመት ያስቀብራል። እያማጠ ጠብታ ብቻ ወይም ደም ከወጣው የሽንት ቧንቧው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ በ1 ወይም በ2 ቀን ውስጥ ይገድላል። እስኪነጋ ሳትሉ በዕለቱ ሐኪም ጋ ውሰዱት።