«ልብ ያለበት ጥርስ አያስነቅልም»፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ፒያሳ አካባቢ የጥርስ ሐኪም ነኝ። በቅርቡ አንዲት እናት ፌስታል አንጠልጥለው ገቡ። ውስጡ የቀጠሮ ካርድ፣ ኪኒኖችና የተጨማደደ የላብራቶሪ ወረቀት አለ። ወንበሩ ላይ ከተመቻቹ በኋላ፣ «ልጄ፣ ደሙ እንዳያስቸግርህ ብዬ ዋርፋሪኑን፣ ያን የደም ማቅጠኛ ኪኒን፣ ካቆምኩ አምስት ቀኔ» አሉኝ። ጎበዝ እንድላቸው ይጠብቃሉ። እኔ ክው አልኩ። እማማ ልባቸው ውስጥ ሰው ሠራሽ ቫልቭ (የልብ በር) አለ።

«ጥርስ ሊነቀል ሲል ደም ማቅጠኛ ይቆማል» የሚለው ወሬ ለእኔ ከሁሉም አደገኛው ነው። ቫልቭ የተቀየረለት ወይም የልብ ምቱ የተዛባበት ሰው ዋርፋሪን የሚውጠው ልቡ ውስጥ ደም እንዳይረጋ ነው። ብዙ ጊዜ በሚያጋጥመው የምት መዛባት የላይኛው የልብ ክፍል በወጉ መጨመቁን ትቶ ይርገበገባል። ደሙ እዚያው ይተኛል፤ የተኛ ደም ደግሞ ይረጋል። ያ ተነስቶ አንጎል ከገባ ስትሮክ ነው። የድድ ደም ግን በጎዝ (በቁስል ጨርቅ) እና በስፌት ይቆማል። ስለዚህ የምጠይቀው የቅርብ፣ ቢቻል የ24 ሰዓት የአይ ኤን አር ውጤት ነው፤ ደም ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚለካ ምርመራ ነው፣ ቁጥሩ ከፍ ሲል ደሙ ቶሎ አይረጋም። ከ4 በታች ከሆነ አንድ ሁለት ጥርስ መንቀል ይቻላል።

እማማን ያን ቀን አልነቀልኳቸውም። የልብ ሐኪማቸው ጋ ደወልኩ፣ ኪኒኑን ጀመሩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ 2.8 ይዘው መጡ። አንድ መንጋጋ፣ ሁለት ስፌት፣ ግማሽ ሰዓት ጎዝ መንከስ። «ይኸው ነው?» አሉ፤ ትንሽ ቅር ያላቸው መሰለኝ።

«ጥርስ ካመመ ዳይክሎፌናክ ዋጥ አድርጎ መተኛት ነው።» ዋርፋሪን ለሚወስድ አይሆንም፤ ጨጓራ ሊያደማ ይችላል። ከሰፈር ፋርማሲ የሚገዛው ሜትሮኒዳዞል የሚባል አንቲባዮቲክም ዋርፋሪኑን ያበረታዋል፣ አይ ኤን አሩም ይወጣል። በልኩ የተወሰደ ፓራሲታሞል ይሻላል። ጎመን የዋርፋሪንን ጉልበት ስለሚቀንስ ክልክል ነው የሚሉም አሉ። ክልክል አይደለም፤ ችግሩ በፍስክ ጭራሽ ሳይነኩት ጾም ሲገባ በየቀኑ መብላቱ ነው። መጠኑ አይዋዥቅ።

«ልብ ያለበት ሁሉ ከመነቀሉ በፊት አንቲባዮቲክ ይወስዳል።» የአፍ ባክቴሪያ በደም ገብቶ ልብ እንዳይበክል ድሮ ለብዙ ሰው ይታዘዝ ነበር። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2007 አጠበበው፦ በዋናነት ሰው ሠራሽ ቫልቭ ላለው፣ ቀደም ሲል የልብ ውስጠኛ ሽፋን ኢንፌክሽን ለያዘውና ከውልደት ጀምሮ የተወሰነ የልብ ችግር ላለበት። የተለመደው 2 ግራም አሞክሳሲሊን ነው፤ አንዴ ብቻ፣ ከመነቀሉ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት። ፔስሜከር (የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ) ወይም ስቴንት (የጠበበ የልብ ደም ሥር ማስፊያ) ስላለ ብቻ አይታዘዝም። በቶንሲል ሰበብ ቫልቩ የተጎዳ ሰው እኛ አገር ብዙ ነው፤ እዚህ ላይ ግን የየአገሩ መመሪያ ስለሚለያይ ውሳኔው የልብ ሐኪሙ ነው። አንድ ነገር ልጨምር። በዚሁ የቶንሲል ሰበብ በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ የሚወጉ ሰዎች «እኔ ተሸፍኛለሁ» ይሉኛል። ፔኒሲሊኑን የለመዱ የአፍ ባክቴሪያዎች ስለሚኖሩ ለእነሱ ሌላ ዓይነት መድኃኒት ይመረጣል። መርፌውን መናገር እንዳትረሱ።

«ማደንዘዣው ልብ ያቆማል።» ውስጡ ትንሽ አድሬናሊን ስላለ ልብ ለአፍታ ድው ድው ሊል ይችላል። በአንዷ ብልቃጥ ያለው ወደ 0.018 ሚሊግራም ነው፤ ለልብ ሕመምተኛ የሚፈቀደው ጣሪያ 0.04 አካባቢ ነው። ሳይደነዝዝ የተነቀለ ሰው በሕመሙና በድንጋጤው ብቻ ሰውነቱ ከዚያ የበለጠ ያመነጫል። ቀስ ብለን እንወጋለን፣ በቃ።

«መንጋጋ ካመመ ጥርስ ነው።» አንድ ጎልማሳ የግራ የታች መንጋጋውን ይዞ መጣ። ንቀልልኝ አለ። ጥርሱን መታ መታ አደረግኩ፣ ቀዝቃዛ አስነካሁ፣ ራጅ አነሳሁ፤ ምንም የለም። መቼ ነው የሚያምህ ስለው፣ ከጥቁር አንበሳ ወደ ማዘጋጃ ቤት የቸርችልን ዳገት ሲወጣ እንደሆነ ነገረኝ። ቆም ሲል ይተወዋል። ጥርስ ዳገት አያውቅም። ያኔውኑ ኢሲጂ (የልብ ምርመራ) እንዲነሳ ወረቀት ጻፍኩለት። «ለጥርስ መጥቼ ለልብ ትልከኛለህ?» እያለ፣ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከትቶ ወጣ።