የፀሐይ ፍንዳታ ክትትልና ኦሮራን መጠባበቅ፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

የፀሐይ ፍንዳታ ክትትል በፀሐይ ገጽ ላይ ያሉ ጥቁር ነጥቦችን መቁጠርን፣ ድንገተኛ ፍንዳታዎችን መመዝገብንና ከዚያ በኋላ በሰማይ ላይ ሊታይ የሚችለውን ኦሮራ የተባለ ባለቀለም ብርሃን መጠባበቅን ያጣመረ ሥራ ነው። በአብዛኛው የሚሠሩት ደመወዝ የማይከፈላቸው አማተሮች ናቸው። ስለ ፀሐይ ባሕርይ ያሉን ረጃጅም መዝገቦች ያለ እነዚህ ሰዎች ባዶ ገጽ ይበዛባቸው ነበር። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የነጥቦቹን ዑደት ያገኘው ሃይንሪሽ ሽዋበ የተባለ የጀርመን መድኃኒት ቀማሚ ነበር። ከ1826 ጀምሮ ደመና ባልከለከለው ቀን ሁሉ ፀሐይን ይመለከት ነበር፤ የሚፈልገው ግን ከሜርኩሪ ይልቅ ለፀሐይ የቀረበች ያልታወቀች ፕላኔት ነበረች። ፕላኔቷ አልተገኘችም። በ1843 ነጥቦቹ በአሥር ዓመት ገደማ ዑደት እየበዙና እየቀነሱ እንደሚመላለሱ አስታወቀ፤ ዛሬ አማካዩ 11 ዓመት መሆኑ ታውቋል። ሩዶልፍ ቮልፍ ደግሞ እስከ ዛሬ የምንሠራበትን የአቆጣጠር ስልት አወጣ፦ የነጥብ ቡድኖች ቁጥር በ10 ይባዛል፣ የነጠላ ነጥቦች ብዛት ይደመርበታል፣ ውጤቱም በተመልካቹና በመሣሪያው ማስተካከያ ይባዛል። ቆጠራው ከ1981 ጀምሮ ብራስልስ በሚገኘው የቤልጅየም ንጉሣዊ ኦብዘርቫቶሪ (የሰማይ መመልከቻ ጣቢያ) ይጠናቀራል።

የመጀመሪያው ፍንዳታ የተመዘገበው መስከረም 1 ቀን 1859 ነው። ሪቻርድ ካሪንግተን እንግሊዝ ውስጥ በግል ኦብዘርቫቶሪው የፀሐይን ምስል ሰሌዳ ላይ አሳርፎ ነጥቦችን ሲነድፍ፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ላይ ከአንድ ትልቅ የነጥብ ቡድን በላይ ሁለት ደማቅ ነጭ ብርሃኖች ድንገት ብልጭ አሉ። ምስክር ፍለጋ ሮጦ ከደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሲመለስ ብርሃኑ ደብዝዞ አገኘው። እንደ ዕድል ሆኖ ሪቻርድ ሆጅሰን የተባለ ሌላ አማተር በሌላ ቦታ ሆኖ ያንኑ አይቶ ኖሮ ሁለቱም ሪፖርት አቀረቡ። ከ17 ሰዓት ተኩል ገደማ በኋላ ምድርን ከባድ መግነጢሳዊ ማዕበል መታት። ኦሮራ እስከ ኩባ ድረስ ታየ። በቦስተንና በፖርትላንድ መካከል የነበሩ የቴሌግራፍ ሠራተኞች ባትሪያቸውን ነቅለው ከሰማይ በመጣ ኤሌክትሪክ ብቻ መልእክት ተለዋወጡ። ካሪንግተን ራሱ ሁለቱን ክስተቶች ለማያያዝ አልደፈረም፤ ይህ ጥንቃቄው ያስመሰግነዋል።

ቀጥሎ ባለው መቶ ዓመት ኖርዌጂያዊው ክሪስቲያን ቢርከላንድ ኦሮራን በቤተ ሙከራ አስመስሎ ሠራ፣ በ1944 የአሜሪካ የተለዋዋጭ ኮከቦች ተመልካቾች ማኅበር የፀሐይ ክፍሉን አቋቋመ፣ ከዚያም የሳተላይቶች ዘመን መጣ።

በዐይን ለሚከታተል ሰው ትንሽ ቴሌስኮፕና ከፊቱ የሚገጠም የፀሐይ ማጣሪያ ይበቃሉ። ለዐይን የሚሆነው ማጣሪያ ከመቶ ሺህ እጅ አንዱን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ ነው። ማጣሪያው የሚገጠመው ቴሌስኮፑ አፍ ላይ፣ ማለትም ብርሃን በሚገባበት በኩል ነው፤ ከዐይን ወገን የሚጠመዘዙት የድሮ ትንንሽ ማጣሪያዎች በሙቀት ስለሚሰነጠቁ መጣል አለባቸው። የመፈለጊያዋን ትንሽ ቴሌስኮፕ መክደን ብዙዎች ይዘነጋሉ። የማጣሪያውን ፊልም በየጊዜው ደማቅ መብራት ላይ ይዞ ቀዳዳ እንዳለው ማየትም ያስፈልጋል። በዚህ ዓይነት ማጣሪያ ነጥቦቹ ይታያሉ፣ ፍንዳታዎቹ ግን እጅግ ጠንካራ ካልሆኑ አይታዩም፤ ለእነሱ የሃይድሮጅንን ቀይ ብርሃን ብቻ የሚያሳይ፣ በ656.28 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ላይ የሚሠራ የሃይድሮጅን አልፋ ቴሌስኮፕ ይፈልጋል።

ደመና የማይበግረው ሌላ መንገድ ሬዲዮ ነው። ፍንዳታ ሲነሳ ኤክስሬዩ ከመሬት በላይ ከ60 እስከ 90 ኪሎሜትር ያለውን የአየር ንብርብር በኤሌክትሮን ስለሚያጥለቀልቀው፣ ለባሕር ሰርጓጅ መርከቦች የሚሠራጩት በጣም ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲዎች ጉልበት በድንገት ይለወጣል። መቀበያው ቀላል ነው፦ ጎኑ አንድ ሜትር ገደማ በሆነ የእንጨት ፍሬም ላይ ሽቦ ደጋግሞ መጠምጠም፣ ትንሽ ማጉያ ማያያዝ፣ ከዚያም ወደ ኮምፒውተር ሳውንድ ካርድ ማስገባት። የፍሬሙ ጠርዝ እንጂ ፊቱ ወደ ማሠራጫው አይዞርም። ሳውንድ ካርዱ በ48 ኪሎኸርትዝ ናሙና የሚወስድ ከሆነ እስከ 24 ኪሎኸርትዝ ድረስ ብቻ ነው የሚሰማው፤ ስለዚህ ጀርመን ያለውን የ23.4 ኪሎኸርትዝ ጣቢያ ለጥቂት ይይዛል፣ አሜሪካ ሜይን ግዛት ያለውን የ24.0 ኪሎኸርትዝ ጣቢያ ግን አይችልም። ለእሱ የ96 ኪሎኸርትዝ ካርድ ይፈለጋል። ትልቁ ጠላት የስልክ ቻርጀር፣ የኤልኢዲ አምፖልና የኮምፒውተሩ የራሱ ኃይል አቅራቢ የሚረጩት ረብሻ ነው፤ አንቴናውን ከነሱ ጥቂት ሜትሮች ማራቅ ከየትኛውም ማጉያ ይበልጣል።

በኮምፒውተሩ ግራፍ ላይ የፍንዳታ መስመር እንደ ሻርክ ክንፍ ነው፤ በደቂቃዎች ውስጥ ይወጣና ቀስ ብሎ ይወርዳል። ከማሠራጫው እስከ መቀበያው ባሉ አንዳንድ መንገዶች ላይ ግን ተገልብጦ ወደ ታች ይታያል፣ ይህም ስሕተት አይደለም። በሁለቱም በኩል ቀጥ ብሎ የወደቀና የተነሳ መስመር ካዩ ጣቢያው ለጥገና ተዘግቷል ማለት ነው። ማለዳና ምሽት ላይ የሚታየውም ለውጥ ከፀሐይ መውጣትና መግባት የሚመጣ ነው። ሌሊት ፍንዳታ አይያዝም።

የፍንዳታ ደረጃ የሚወሰነው ጎዝ የተባሉት ሳተላይቶች በሚለኩት ኤክስሬይ ሲሆን ፊደሎቹ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኤምና ኤክስ ናቸው፤ እያንዳንዱ ከቀደመው አሥር እጥፍ ይበልጣል። ኅዳር 4 ቀን 2003 የተነሳው ፍንዳታ የሳተላይቱን መለኪያ ከአቅም በላይ ስላደረሰበት መጠኑ እስካሁን ያከራክራል። ለረጅም ጊዜ ኤክስ 28 ሲባል ኖሯል፤ ከላይ በተገለጸው የሬዲዮ ስልት የተሠራ ስሌት ወደ ኤክስ 45 ያደርሰዋል። የሬዲዮው ስሌት ለእውነት የቀረበ ይመስላል፣ ቢሆንም የተዘጋ ጉዳይ አይደለም።

ጀማሪን የሚያሞኘው ነገር ፍንዳታንና ኦሮራን እንደ አንድ መቁጠር ነው። የፍንዳታ ብርሃን በ8 ደቂቃ ይደርሳል፤ ኦሮራ የሚያመጣው ግን ኮሮና ከተባለው የፀሐይ ውጫዊ ከባቢ ተገንጥሎ የሚወረወረው የጋዝና የመግነጢስ ደመና ነው፣ እሱም ከ15 ሰዓት እስከ ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። ደመናው ወደ እኛ ካልመጣ ፍንዳታው የቱንም ያህል ቢገዝፍ ዋጋ የለውም። የ2024 መዝገብ ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። በግንቦት መጀመሪያ 13664 የተባለው የነጥብ ቡድን ቢያንስ አምስት ደመናዎችን ተከታትሎ ወደ ምድር ላከ፤ ግንቦት 10 ቀን ማዕበሉ ከጥቅምት 2003 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጂ5 የተባለው ከፍተኛው የማዕበል ደረጃ ላይ ደረሰ፣ ኦሮራም እስከ ሜክሲኮ፣ በደቡብ በኩል እስከ ናሚቢያ ፎቶ ተነሳ። ከአራት ቀን በኋላ ያው ቡድን ኤክስ 8.7 ፈነዳ፤ ያን ጊዜ ግን በፀሐይ ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ደርሶ ስለነበር ደመናው በጎን አለፈ። በጥቅምት ደግሞ በ3ኛው ቀን ከፈነዳው ኤክስ 9.0 ይልቅ ትልቁን ማዕበል ያመጣው በ9ኛው ቀን የተነሳው ኤክስ 1.8 ነው። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው ከፍንዳታው ቁጥር በፊት ቦታውን ያያል፣ ከዚያም ሶሆ የተባለችው መንኮራኩር በምትልከው የኮሮና ምስል ላይ ፀሐይን ዙሪያዋን የከበበ ቀለበት ይፈልጋል። ቀለበቱ ከወዲያኛው የፀሐይ ጀርባ የተነሳም ሊሆን ስለሚችል ከፊት ለፊት ፍንዳታ መኖሩ ይመሳከራል።

የመጨረሻው ፍርድ የሚሰጠው ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎሜትር ርቀው ባሉት መንኮራኩሮች ነው። የሚታየው ቢዚ የሚባለው፣ ከፀሐይ በሚነፍሰው የቅንጣቶች ነፋስ ውስጥ ያለው የመግነጢስ የሰሜንና የደቡብ አቅጣጫ ነው። ወደ ሰሜን ከሆነ የምድር መግነጢስ በሩን ይዘጋል፤ ወደ ደቡብ ዞሮ ከ10 ናኖቴስላ በላይ አሉታዊ ሆኖ ከቆየ ካሜራ ማዘጋጀት ነው። ቀሪው ጊዜ በነፋሱ ፍጥነት ይሰላል፦ በሰከንድ 400 ኪሎሜትር ከሆነ አንድ ሰዓት ያህል፣ 800 ከሆነ ግማሽ ሰዓት። ብዙ ሰው የሚጠብቀው፣ የምድርን መግነጢስ መናወጥ የሚያሳየው የኬፒ ቁጥር የሦስት ሰዓት መለኪያ በመሆኑ ዘግይቶ ነው የሚናገረው።

ሜዳ ላይ ኦሮራን ፎቶ ለማንሳት ሰፊ ሌንስ፣ ኤፍ 2.8 ወይም ከዚያ የተከፈተ፣ አይኤስኦ 1600 እስከ 3200፣ ከ5 እስከ 15 ሰከንድ መነሻ ይሆናል። ኦሮራው መወራጨት ከጀመረ ወደ 1 ወይም 2 ሰከንድ ይወረዳል፣ አለዚያ መጋረጃው አረንጓዴ ጭጋግ ሆኖ ይቀራል። ፎከስ በደማቅ ኮከብ ላይ በእጅ ይስተካከላል። ካሜራውን ወደ ሞቀ ቤት ከማስገባት በፊት በተዘጋ ፕላስቲክ ከረጢት መጠቅለል ግድ ነው፤ እንዲህ ካልሆነ ጤዛው ሌንሱ ውስጥ ይገባል። አረንጓዴው ከኦክስጅን ከ100 እስከ 150 ኪሎሜትር ከፍታ፣ ቀዩም ከዚያው ጋዝ ከ200 በላይ ይመጣል፤ ከምድር ወገብ ራቅ ብሎ ላልሄደ ሰው የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ቀዩ ብቻ ነው።

የካሜራው ሰዓት በዓለም አቀፍ ሰዓት መስተካከል አለበት። በካናዳ አልበርታ ያሉ ኦሮራ አሳዳጆች ስቲቭ ብለው የሰየሙትን ቀጭን ሐምራዊ መስመር ለሳይንስ ያስተዋወቁት ሰዓታቸው በትክክል የተያዘ ፎቶዎች ስለነበሯቸው ነው። ስዋርም የተባሉት ሳተላይቶች በላዩ ሲያልፉ የጋዙ ሙቀት በ3000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከፍ ብሎ፣ ወደ ምዕራብም በሰከንድ 6 ኪሎሜትር ሲፈስ ተገኘ፤ ጥናቱ በ2018 ታትሟል። ስቲቭ ራሱ ኦሮራ ይሁን አይሁን ግን አልተቋጨም፤ ብዙዎቹ ተመራማሪዎች አይደለም ወደሚለው ያዘነብላሉ።