33,550,336 «ፍጹም» የተባለው ለምንድን ነው?

ጅማ፣ ሂርማታ አካባቢ ቡና እየጠጣን ነው። የጎረቤቴ ልጅ፣ የ8ኛ ክፍል ተማሪ፣ «ጋሼ፣ ፍጹም ቁጥር ማለት ስህተት የሌለበት ነው?» አለችኝ። ያሳሳታት ስሙ ነው።

ከራሱ በቀር ቁጥሩን ያለ ቀሪ የሚያካፍሉት ሁሉ ተደምረው መልሰው ራሱን ከሰጡ ፍጹም ይባላል። ለምሳሌ 28ን ውሰዱ። 1፣ 2፣ 4፣ 7 እና 14 ያካፍሉታል፤ ድምራቸው 28። 12 ግን አይሆንም፤ 16 ይመጣል።

33,550,336 ከ6፣ 28፣ 496 እና 8,128 ቀጥሎ አምስተኛው ነው። 25 አካፋዮቹን አንድ በአንድ መደመር አያስፈልግም። የጥንቱ የግሪክ የሂሳብ ሊቅ ዩክሊድ ከ2,000 ዓመት በፊት ያሳየው፣ እኔ በጣም የምወደው መንገድ አለ። ከ1 ጀምራችሁ እጥፍ እያደረጋችሁ ደምሩ፦ 1+2+4=7። 7 በ1 እና በራሱ ብቻ ይካፈላል። ስለዚህ የመጨረሻውን 4 በ7 ስናባዛ 28 እናገኛለን። እስከ 1,024 ስትደርሱ ድምሩ 2,047 ነው። እዚህ ጋ መሸወድ ቀላል ነው፤ 2,047 እኮ 23 ሲባዛ በ89 ነው፣ አይሰራም። እስከ 4,096 ስትሄዱ 8,191 ይመጣል። እሱን ከ1 እና ከራሱ በቀር የሚያካፍለው የለም። 4,096ን በ8,191 አባዙት፤ ቁጥራችን ይኸው።

ጎዶሎ የሆነ ፍጹም ቁጥር ግን እስካሁን አልተገኘም። እንደሌለም ያረጋገጠ ሰው የለም።