የሐኒሽ ደሴቶች ክርክር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በታኅሣሥ 1995 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኤርትራና የመን በደቡብ ቀይ ባሕር፣ ታላቁ ሐኒሽ ላይ ተዋጉ። ጉዳያቸው ወደ ግልግል ዳኝነት ሄዶ በ1998 የደሴቶቹ ባለቤትነት፣ በ1999 ደግሞ የባሕር ወሰኑ ተበየነ። ስለ ደሴት ይገባኛል ክርክር የሚነገሩ ብዙ ስሕተቶች በዚህ አንድ ጉዳይ ይታረማሉ።

«ደሴት ለቀረበው አገር ነው።» ቅርበት ብቻውን ባለቤት አያደርግም። ክብደት የሚያገኘው ደሴቱ ከዳርቻው በ12 የባሕር ማይል ውስጥ ሲሆን ነው፤ ያን ጊዜ ሌላው ወገን የጠነከረ ማስረጃ ካላቀረበ የባለዳርቻው ነው ተብሎ ይገመታል። የሞሃበካ ደሴቶች ለኤርትራ የተወሰኑት በዚህ ነው። ሐኒሽና ዙቀር ግን ባሕሩ መሐል ስለሚገኙ ግምቱ ማንንም አልጠቀመም።

«ከጥንት ጀምሮ የእኛ ነው።» ይህ ሕዝብን ያሞቃል እንጂ ዳኛን አያሳምንም። የመን ከኦቶማኖች በፊት የነበረ ጥንታዊ መብት አለኝ አለች። ኤርትራ ደግሞ የጣሊያን ይዞታ ለኢትዮጵያ፣ ከኢትዮጵያም ለእኔ ተላልፏል ስትል ተከራከረች። ሁለቱም አልተሳካላቸውም፤ የኦቶማኖች ወራሽ ቱርክ በ1923ቱ የሎዛን ውል መብቷን ስትተው የደሴቶቹ ዕጣ ወደፊት በሚመለከታቸው ወገኖች እንዲወሰን ተብሎ ክፍት ቀርቶ ነበርና። ስለዚህ ዳኞቹ የቅርብ ጊዜ የአስተዳደር ሥራን አገላበጡ፦ ባሕሩን ማን ቃኘ? ፈቃድ ማን ሰጠ? የነዳጅ ፍለጋ ውል ማን ተዋዋለ? ኤርትራ የኢትዮጵያን ባሕር ኃይል ቅኝት ሳይቀር በማስረጃነት ጠቀሰች። በመጨረሻዎቹ ዓመታት የተሠራው ሲመዘን ግን የየመን ደፋ፤ ዙቀርና ሐኒሽም የእሷ ሆኑ። ለጀበል አል ጠይርና ለዙበይር ደሴቶች ደግሞ የመርከብ መሪ መብራቶች ትልቅ ሚና ነበራቸው፤ የመን መብራቶቹን ላስተዳድር ብላ በ1989 ለንደን ላይ የተሰበሰቡት አገሮች ተቀብለዋት ነበር። ደሴት አለኝ የሚል መንግሥት ከታሪክ መጽሐፉ በፊት የመዝገብ ቤቱን ፋይል ይፈትሽ የምንለው ለዚህ ነው።

«የሚወስነው ጉልበት ነው፤ ሪያሊስቶች (በአገሮች መካከል የሚሠራው ሕግ ሳይሆን ኃይል ነው የሚሉ ምሁራን) ልክ ናቸው።» ኤርትራ ታላቁን ሐኒሽ በጦር ይዛ ነበር፤ ከብይኑ በኋላ አስረከበች። ከግንቦት 1998 ጀምሮ ከኢትዮጵያ ጋር ጦርነት ላይ ስለነበረች ሁለተኛ ግንባር አትችልም የሚለው ማብራሪያ ውኃ ያነሣል። ይሁን እንጂ ለዳኝነት የተስማማችው በጥቅምት 1996፣ ያ ጦርነት ከመጀመሩ በፊት ነው። ይህን ሪያሊዝም ብቻውን አያስረዳም።

«ደሴቱን ያገኘ ባሕሩን ይጠቀልላል።» የ1999ኙ መስመር በአብዛኛው የሁለቱን የየብስ ዳርቻዎች እኩሌታ ይከተላል። ራቁትና ሩቅ የሆኑት ጀበል አል ጠይርና ዙበይር መስመሩን አላዛነፉትም።

«ወሰን ሲሰመር አሳ አጥማጁ ይታገዳል።» ፍርዱ የሚለው ተቃራኒውን ነው። የሁለቱም አገር ባህላዊ አሳ አጥማጆች በደሴቶቹ ዙሪያ ማጥመድ፣ በየወደቡ ገብተው አሳቸውን መሸጥ ይችላሉ፤ ትንሽ ሞተር ያለው ጀልባም አይከለከልም። የማይካተተው በትልልቅ መርከቦች የሚካሄደው የኢንዱስትሪ አጥመዳ ነው።